በገና ቀን ጎንደርን በእግርና በሳቅ ማስጎብኘት፦ ከጃን ተከል ዋርካ እስከ ደብረ ብርሃን ሥላሴ

ገና የላሊበላ ነው፣ ጥምቀት የጎንደር። ይህን የማያውቅ አገር ጎብኚ የለም። ስለዚህ በታኅሣሥ መጨረሻ ሻንጣው ሁሉ ወደ ላሊበላ ይጎርፋል፣ ጎንደር ደግሞ ጥር 11ን እየጠበቀች ቤቷን ትጠርጋለች። እኔን የሳበኝ ይኸው ፋታዋ ነው። የገና ዕለት ከሰዓት በኋላ የፋሲል ግቢ ጸጥ ይላል፣ የከተማው ሰው ጾም ፈትቶ፣ ጠግቦ፣ ደስ ብሎት ተቀምጧል። ጥቂት ዘመድና እንግዳ ይዞ እየዞሩ ታሪክ ለማውራትና ለመሳቅ ከዚህ የተሻለ ቀን አላገኘሁም።

የሳቁ ፈቃድም ከጥንት የተሰጠ ነው፦ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ። በዓመት አንድ ቀን እረኛው ጌታውን ማብሸቅ ከተፈቀደለት፣ አስጎብኚም ንጉሡን ትንሽ ቢነካካ አይፈረድበትም። «ትንሽ» ያልኩት ግን ሆን ብዬ ነው።

መንገዱ ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው የታሪክ ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ቀኑን በትክክል ይቁጠሩ

ገና ታኅሣሥ 29 ነው፤ በዘመነ ዮሐንስ ግን ታኅሣሥ 28 ይውላል፣ ከዚያ በፊት ባለው ዓመት ጳጉሜን ስድስት ስለምትሆን። ከውጭ ለሚመጣ እንግዳ ጃንዋሪ 7 ብለው ይንገሩት፤ ይህ ቀን በሁለቱም ሁኔታ አይለወጥም። እኔ ይህን የተማርኩት በአንድ ዘመዴ ነው። በዘመነ ዮሐንስ ታኅሣሥ 29 ማለዳ በኩራት ደረሰ። ድስቱን ከፍቶ የዶሮውን አጥንት ሲያይ የተናገረውን እዚህ አልጽፈውም።

ሰዓቱም እንደ ቀኑ ነው። ጠዋት ማንንም አይጋብዙ። ሰው ሌሊቱን በቅዳሴ ቆሞ፣ የአርባ ሦስት ቀን ጾም ፈትቶ፣ ገና ከዶሮ ወጥ ጋር ሲታረቅ ስለ አፄ ፋሲል ቢነግሩት አይሰማዎትም። ስምንት ሰዓት ላይ ይጀምሩና ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በፊት ይጨርሱ። ቀጠሮውን ግን «ሰባት ሰዓት ተኩል» ብለው ይያዙት። ምክንያቱን ለኢትዮጵያዊ አላብራራም።

በዋዜማው የሚሠራ ሥራ

ወደ ፋሲል ግቢ የትኬት መሸጫ በአካል ይሂዱና በበዓሉ ቀን እስከ ስንት ሰዓት ክፍት እንደሆነ ይጠይቁ። ደብረ ብርሃን ሥላሴም ሄደው አባቶችን እንዲሁ ይጠይቁ። በስልክ የሰሙትን አይመኑ፤ የበዓል ቀን ሰዓት እንደ በዓል ቀን ሰው ነው፣ ልቡ አንድ ቦታ አይቀመጥም። ከእንግዶችዎ ገንዘብ የሚቀበሉ ከሆነ ፈቃድ ያለው የከተማው አስጎብኚ ይዘው ይውጡ። እርስዎ ቀልዱን ይያዙ፣ እሱ ታሪኩን ይያዝ፤ ስትሳሳቱ ደግሞ አንዳችሁ ሌላውን መገሠጻችሁ ራሱ ጨዋታ ይሆናል።

ሰው አታብዙ። ከአሥራ ሁለት በላይ ከሆነ የኋለኛው ረድፍ ሌላ ጉብኝት ይጀምራል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2100 ሜትር ከፍ ትላለችና ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፣ አመሻሽ ላይ ብርዱ ይቆነጥጣል፤ ባርኔጣም ጋቢም ያስፈልጋል። መሬቱ ድንጋያማ ስለሆነ ለበዓል የተገዛ አዲስ ጫማ ይቅር። መጨረሻው ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ ሴቶች ነጠላ ይያዙ፣ ሁሉም ደግሞ ያልተቀደደ ካልሲ ያድርግ፤ ጫማ ሲወልቅ የአውራ ጣት ብቅ ማለት የማንንም ክብር አይጨምርም።

ቀልዱን እንዴት ያዘጋጃሉ?

የመጀመሪያው ዓመት ሠላሳ ያህል ቀልድ ጽፌ ወጣሁ። ግማሹን ዋርካው ሥር ጨረስኩት፤ ሁለተኛው ግንብ ጋ ስንደርስ የሚስቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ከእንግዶቹ አንድ ሽማግሌ ትከሻዬን ይዘው፣ «ልጄ፣ ፋሲል ሳይቀልድ ይህን ሁሉ ሠርቷል፤ አንተ እስቲ ሳትቀልድ አንዱን በር አሳየን» አሉኝ። የዚያን ቀን ትልቁ ሳቅ ይህ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቀልድ መጻፍ ትቼ አንድ ነገር ብቻ እይዛለሁ፦ የፋሲል ግቢ የአንድ ቤተሰብ ግቢ ነው። ፋሲል ቤት ሠራ። ልጁ ዮሐንስ የራሱን ሠራ። የዮሐንስ ልጅ ኢያሱ ሌላ ሠራ። የኢያሱ ልጆች ዳዊትና በካፋ ደግሞ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ጨመሩ፤ የበካፋ ሚስት ምንትዋብም አልቀረችም። አባቱ ቤት መኖር የሚፈልግ አንድም ልጅ የለም፣ ከአባቱ ግቢ መውጣት የሚፈልግም አንድ የለም። ይህን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ማን ነው? እንግዶችዎ ዛሬ ጠዋት የወጡት ከእንዲህ ያለ ግቢ ነው። ይህን ገመድ ከያዙ ቀልዱ ሳይጠሩት ይመጣል።

የማይቀለድበትንም አስቀድመው ይወስኑ። በታቦት፣ በካህናት፣ በማንም እምነት፣ በእንግዳ አካልና አነጋገር አይቀለድም። የሞተን ሰው ከነክብሩ መንካት ይቻላል፣ አገዳደሉን ግን አይነኩም። ለውጭ አገር ሰው ደግሞ «አገራችን ሲመጡ ሰባት ዓመት ወጣት ይሆናሉ» የምትለውን አደራ ይተዉለት፤ ከአውሮፕላን ማረፊያው እስከ ሆቴሉ ድረስ አራቴ ሰምቷታል።

ጃን ተከል፦ አዋጁ

ከፊት በር ፊት ለፊት ካለው ከጃን ተከል ዋርካ ሥር ይሰብሰቡ። በነገሥታቱ ዘመን ሕዝብ የሚሰበሰብበት፣ አዋጅ የሚነገርበት ቦታ ስለነበር የጉብኝቱን ሕግ በተራ ንግግር ማስታወቅ ነውር ነው። ድንጋይ ላይ ይውጡና ድምፅዎን ይሳሉ፦

«ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ከዚህ ዋርካ እስከ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ድረስ ስልኩን ያየ፣ ከጓዶቹ የራቀ፣ ‹መቼ ነው የምንበላው?› ብሎ የጠየቀ ሁሉ ማታ ቡናውን ራሱ ያፈላል!»

ቅጣቱ እውነተኛ ይሁን። ማታ አጎትዎ ረከቦት ፊት ተቀምጠው ሲታዩ ጉብኝቱ ለሁለተኛ ጊዜ ያስቃል።

እዚሁ ቆመው የከተማዋን ምሥረታ ይንገሩ። ፋሲለደስ እኤአ ከ1632 እስከ 1667 ነገሠ፤ ጎንደርን መናገሻ ያደረጋት በ1636 ነው። አፈ ታሪኩ መናገሻው በ«ገ» ቤት ፊደል በሚጀምር ቦታ እንዲሆን ትንቢት ነበር ይላል፤ ለዚህም ነው ነገሥታቱ ከዚያ በፊት ጉዛራና ጎርጎራ ሲሉ የቆዩት። በመጨረሻ ፋሲል አደን ወጥቶ አንድ ጎሽ ተከትሎ እዚህ ደረሰ ይባላል። እንግዲህ ጎሹም በ«ጎ» ይጀምራል። ንጉሡ ቦታውን ሲያይ ምን እንዳለ አልተጻፈም፤ እኔ ግን «ጎሽ!» ያለ ይመስለኛል። ሰሙ እንስሳው፣ ወርቁ ምስጋናው። ይህችን ቀስ ብለው ይናገሯትና ይጠብቁ፤ አንዳንዱ እንግዳ የሚስቀው ከሁለት ግንብ በኋላ ነው።

በሮቹን ለእንግዶች ያድሉ

ግቢውን የከበበው ቅጥር 900 ሜትር ያህል ርዝመት አለው፤ በሮቹ ደግሞ በየስማቸውና በየባለቤታቸው ይታወቃሉ። ቤተ መንግሥት ውስጥ ሰው በፈለገው በር አይገባም። በፊት በር ከመግባትዎ በፊት ለእያንዳንዱ እንግዳ በር ይስጡት። ዘመድ ሁሉ ሲጣላ የሚያስታርቁት ጋሼ ወምበር በር ይሰጣቸው፣ የዳኞቹ ነውና። ሌሊት ሲያንኮራፋ ቤቱን የቀሰቀሰው እምቢልታ በር ይገባዋል። አዲስ የታጩት ጥንዶች እርግብ በር። መኪናውን ከልጆቹ በላይ የሚወድ ካለ ባልደራስ በር፣ የፈረሰኞቹ አለቃ በር። ስሞቹ በዚህ መንገድ ከገቡ አይረሱም፤ በቁጥርና በዝርዝር ቢነግሯቸው ግን ሦስተኛው ላይ ይጠፋሉ።

ግንቦቹ፦ የበዓል ቀን ቤተሰብ

እዚህ ጊዜ ይውሰዱ፤ ከጉብኝቱ ግማሹ እዚህ ነው።

ፋሲል ግንብ አያት ነው። 32 ሜትር ያህል ከፍታ፣ በአራቱ ማዕዘን ጉልላት ያላቸው ማማዎች። ሰማይ ሲጠራ ከላይ ጣና ይታያል ይባላል፤ ከእንግዶችዎ አንዱ ከታች ሆኖ «አዎ፣ አየሁት» ማለቱ አይቀርም፣ ይተዉት፣ በዓል ነው። አንዱ ደግሞ «ፖርቱጋሎች ናቸው የሠሩት» ይላል። ለዚህ መልስ ይያዙ። ፋሲል ነግሦ መጀመሪያ ካደረጋቸው ነገሮች አንዱ በአባቱ በሱስንዮስ ዘመን የገነኑትን ኢየሱሳውያን፣ ማለትም ፖርቱጋሎች የሚበዙባቸውን የካቶሊክ ሚሲዮናውያን፣ ከአገር ማባረር ነው፤ ከተማውን የቆረቆረው ከዚያ በኋላ ነው። ሰው ቤቱን የሚሠሩለትን ግንበኞች አስቀድሞ አያባርርም፤ ቢያባርርም ከጨረሱ በኋላ፣ ሒሳብ ሲጠይቁ ነው። ይህን ካሉ በኋላ ግን ቁም ነገሩን ይጨምሩ፦ የግንቡ አሠራር ከአገሬው ጥበብ ጋር የውጭ ተጽዕኖ እንዳለበት ሊቃውንት ይስማማሉ፤ ከተማውን ያቆመው ግን የጎንደር ቤተ መንግሥት ነው።

ጻድቁ ዮሐንስ (1667–1682) በበዓል ቀን መጽሐፍ ይዞ ጥግ የሚቀመጠው ልጅ ነው። የእሱ ቅርስ ሆኖ የሚታየው ቤተ መጻሕፍቱ ነው። አጠር፣ ጨመት ያለ ሕንፃ። እዚህ ብዙ አያውሩ፤ ባለቤቱም አይወድም።

ኢያሱ (1682–1706) ደግሞ ቤቱን ሲጨርስ ዘመድ ጠርቶ መጋረጃውን የሚያስነካው ነው። ጣሪያው እንደ ኮርቻ የሆነ ግንብ ሠራ፤ ውስጡ በዝሆን ጥርስ፣ በመስታወትና በወርቅ ያጌጠ እንደነበር ይነገራል። አሁን ቀና ብለው ሲያዩ ሰማይ ነው። በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ ጎዳው፤ በ1941 ደግሞ ጣሊያን ግቢውን ይዞ ሳለ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች የጣሉት ቦምብ አገኘው። እዚህ ላይ ቀልዱን ያቁሙ። ሁሉም ጸጥ ብሎ ወደ ባዶው ጣሪያ ይይ። ሳቅ ያለማቋረጥ ሲፈስ ዋጋ ያጣል፤ ደግሞም ግንቡ ይህን ያህል ይገባዋል።

ዳዊት ሣልሳይ (1716–1721) ጨዋታውን ይመልስልዎታል፤ የመዝሙር ቤት የሠራው እሱ ነውና። በየቤተሰቡ ክራሩን ይዞ የሚመጣ፣ ማንም ሳይለምነው የሚጀምር አንድ ሰው አለ። ከእንግዶችዎ መካከል ያን ሰው ይፈልጉና እዚህ አንዲት ስንኝ እንዲያዜም ይፍቀዱለት። አንዲት ብቻ፤ ካልተቆጣጠሩት ፀሐይ ትጠልቃለች።

በካፋ (1721–1730) የኔ ተወዳጅ ነው። የግብር አዳራሹ ትልቅ ነው፤ ታሪኩ ግን ከአዳራሹ ይበልጣል። ማንነቱን ሰውሮ በአገሩ ይዞር ነበር ይባላል። አንድ ጊዜ ደግሞ ለረጅም ጊዜ ከዓይን ተሰውሮ ሞተ ተብሎ እስኪታመን ድረስ ቆየና ድንገት ብቅ አለ፤ ከሞቱ በኋላ ምን እንደሚባልለት ለማወቅ የፈለገ ይመስላል። እንግዶችዎን ይጠይቁ፦ እናንተ ለሁለት ቀን ብትሰወሩ ቀድሞ የሚከፋፈለው ዕቃችሁ የትኛው ነው? ይህ ጥያቄ ከማንኛውም የተዘጋጀ ቀልድ ይበልጥ ያስቃል፤ ወንድማማቾች ባሉበት ግን በጥንቃቄ ይጠየቅ።

ምንትዋብም ከዚሁ ዙረት የመጣች ናት። ንጉሡ ተሰውሮ ሲዞር ቋራ ላይ ታመመ፣ አስታማሚው ይህች ቆንጆ ሆነች፣ ከዳነ በኋላ አገባት ይባላል። ስሟን ቀስ ብለው ይከፋፍሉት፦ ምን ትዋብ! በካፋ ሲሞት ልጇ ኢያሱ ዳግማዊ ሕፃን ነበርና አገሩን ይዛ ያስተዳደረችው እሷ ናት። በመስቀል ቅርጽ ባጌጠው ግንቧ ፊት ቆመው «ይህን ሁሉ ወንድ በዓሉን እንዲያከብር ያደረገችው ማን ናት?» ብለው ይጠይቁ። ጠዋት ዶሮውን የሠሩት እትዬ ከኋላ ሆነው መልሱን ይሰጣሉ። አንዳንዴም ረዥም መልስ ነው፤ ይስሙ።

የአንበሶቹን ቤት በሁለት ዓረፍተ ነገር ይለፉት። ልጆች ካሉ ግን የሚያስታውሱት እሱን ብቻ ነው፣ ይወቁት።

ሩሩን ያውጡ

ከግቢው ወጥተው፣ ከቅርሱ ርቀው፣ ለገና ጨዋታ ሜዳ ይፈልጉ፤ ሩሩ በዱላ የሚመታው ኳስ ነው። ግቢው ውስጥ ፈጽሞ አይሞከርም፤ አራት መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ግንብ በእናንተ ሩር እንዲመታ አልቆመም። ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላ ለእያንዳንዱ፣ አንድ ሩር፣ ሁለት ቡድን፣ አሥራ አምስት ደቂቃ። ከጉልበት በላይ ዱላ ያነሣ ይወጣል። ቡድኑን በዕድሜ ሳይሆን በሥራ ቦታ ሥልጣን ይክፈሉት፤ አለቆች በአንድ ወገን፣ ተቀጣሪዎች በሌላው። ያሸነፈ ተሸናፊውን በግጥም ያበሽቃል፤ የተበሸቀ አይቆጣም። ባለፈው ዓመት አንድ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ተሸንፎ፣ ስንኙን ከሾፌሩ እየሰማ፣ ከንፈሩን ነክሶ «አይቆጡም ጌታ፣ አይቆጡም ጌታ» ሲል ነበር።

ፒያሳ፣ ሳይቆሙ

በእግር እየሄዱ ያውሩ። ጣሊያን በአምስቱ ዓመት ፖስታ ቤትና ሲኒማ ቤት ሠራ። በምሥራቅ አፍሪካ የመጨረሻው ዋና ምሽጉም እዚሁ ነበር፤ ጦሩ ጎንደር ላይ እጁን የሰጠው በኖቬምበር 1941 ነው። ሲኒማው ቀረ፣ ባለ ሲኒማው ሄደ። ቡና ልጠጣ የሚል ካለ የዋርካውን አዋጅ ያስታውሱት።

መንገዱ ላይ አንድ ሰው የጎንደርን አርባ አራት ታቦት መቁጠሩ የተለመደ ነው። ይጀምር። አሥራ አምስት ላይ ይቆማል፣ ሌላው ይቀጥላል፣ ሦስተኛው «ያንን ብላችኋል» ይላል፤ በዚህ ጨዋታ ግማሽ ሰዓቱ መንገድ ሳይታወቅ ያልቃል። በአታን የረሳ ግን ይቀጣ፤ የአቋቋም ትምህርት ቤት ነው።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ

አጥሩ ላይ ሲደርሱ ቀልዱን በሙሉ ውጭ ይጨርሱ፣ ከጫማው ጋር ይተዉት። ቤተ ክርስቲያኑን ያስተከለው ያው ወርቅ ወዳዱ ኢያሱ ነው፤ የተቀደሰው በ1694 ነው። በ1888 ደርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ይህ ተረፈ። የንብ መንጋ ወጥቶ መለሳቸው ይላል የአገሩ ትውፊት። ደመወዝ ያልተከፈላቸው፣ ፈረቃ ያልተቀያየሩ፣ በሥራ ሰዓት ያልተኙ ዘበኞች። ይህችን ከበሩ ውጭ ይበሏት።

ከመግባትዎ በፊት አንድ ሥራ ይስጧቸው፦ በጣሪያው ላይ ክንፍ ያላቸውን የኪሩቤል ፊቶች በልባችሁ ቁጠሩ፣ ለማንም አትናገሩ። ውስጥ የሚሆነውን ያያሉ። ሲያወራ የዋለ ሁሉ አንገቱን አቅንቶ ዝም ይላል፣ ዓይን ዓይን ላይ ያርፋል፣ ልጆች እንኳ ያለ ቁጣ ይቆማሉ። አባ ሊያስረዱ ከመጡ ነገሩን ለእሳቸው ይልቀቁ፤ እዚህ አስጎብኚው እሳቸው ናቸው።

ሲወጡ ጫማ እያሰሩ ቁጥሩን ይጠይቋቸው። አትጨነቁ፣ የጉብኝት መጻሕፍትም አልተስማሙበትም። አሥራ ሁለት ሰው አሥራ ሁለት ቁጥር ያመጣል፤ ሁለት ሰዎች አንድ ቁጥር ካመጡ አንደኛው ከሌላው ሰምቷል፣ እሱም ቡና ያፈላል።